ለአደ ዘይነባ ሳልነግራቸው የቀረሁት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ሮቤ በሚገኘው አዳራሹ ሸኘኝ። ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፣ ጋቢ አለበሱኝ። ከዚያ አንዲት ወጣት ባለሙያ የሥራ ታሪኬን ከወረቀት ላይ አነበበች። ሲናና ላይ ከስንዴ ገበሬዎች ጋር ያሳለፍኩት ዘመን፣ ዋግ የገባ ጊዜ ማሳ ለማሳ የዞርኩት፣ ያሠለጠንኳቸው ልጆች፤ ሁሉም ልክ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን «የመናን ብርቱካን ከመርገፍ ያዳኑ» የሚል ተጽፎ ነበር። ሰው አጨበጨበ። እኔም ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰዓዳ ጋቢውን እያጣጠፈች፣ «የመናውን ማን ጻፈው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም።»

ቀና ብላ አየችኝና ጋቢውን ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። እሷ ነገሩን ከመነሻው ታውቀዋለች። ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝ በዚያ አዳራሽ ዝም ማለቴ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ሮቤ ገበያ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ እኔ እዚያው ተወልጄ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል እየተናገርኩ አደግኩ። የመሥሪያ ቤቱ ጽሕፈት ወደ አፋን ኦሮሞ ሲዞር አንጋፎቹ ሪፖርት በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ፣ መጻፍ ጭንቅ ሆነባቸው። እኔ ለራሴም ለእነሱም እጽፍ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ለላጤ ግን ይበቃል።

የመጀመሪያ ምድቤ ሲናና ሆነ። ሥራዬ የስንዴ ፀረ አረም ማስረጨት ነበር። ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚለው መድኃኒት አለ፤ ስንዴውን ሳይነካ ቅጠለ ሰፊውን አረም ለይቶ ይገድላል። አረሙ በተረጨ በማግስቱ አንገቱን ያዞራል፣ ግንዱ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ እየደረቀ ይሄዳል። ያንን መጠማዘዝ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ሥራዬ መሥራቱን የማውቀው በእሱ ነው።

ጋሽ ደምሴን ያወቅኳቸው ሮቤ ባለው የመርጫ ዕቃ መጋዘን ነው። ከዚያ በፊት ቆላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ፍራፍሬ እርሻ ለብዙ ዓመት የሠሩ የተክል ጥበቃ ቴክኒሻን ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። ዲፕሎማ አልነበራቸውም። ዲፕሎማ ያለን ወጣቶች ግን የምናውቀውን ግማሹን ከእሳቸው ነው የተማርነው።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። በመጋዘኑ በር ላይ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ የባቄላ ችግኝ ያበቅላሉ። የአረም መድኃኒት የተረጨበት መርጫ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ሲመለስ ንጹሕ ውሃ ይጨምሩበትና ያንን ውሃ ባቄላው ላይ ይረጩታል። ከዚያ ይጠብቃሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ትንሽ እንኳ ከተጨማደደ መርጫው እንደገና ይታጠባል። «ዓይንህ ንጹሕ ነው ይልሃል፤ ባቄላው ግን አይዋሽም» ይላሉ። ሌላው ልማዳቸው የቁስል ፕላስተር ነው። ማንኛውም ነገር በጠርሙስ ሲቀመጥ ፕላስተር ይለጥፉበትና ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ውሃ እንደገባበት፣ ማን እንደበጠበጠው በእስክሪብቶ ይጽፉበታል። ፕላስተር የሌለው ጠርሙስ ካገኙ ማንንም ሳይጠይቁ ይደፉታል። አንድ ጊዜ የእኔን ደፍተውብኝ ተኳርፈን ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ኃላፊያችን ሁለታችንንም ብርቱካን ወደሚበቅልበት ቆላ፣ ወደ መና ላኩን። ከጎባ ሽቅብ ሳነቴ ወጥተን በብርዱ ተኮራምተን፣ ከዚያ የሀረናን ጫካ ቁልቁል ስንወርድ ካፖርታችንን፣ ቀጥሎም ሹራባችንን እያወለቅን፣ ቡናና ሙዝ ያለበት ሞቃት አገር ደረስን።

የመና ብርቱካን ችግሩ ማፍራት አልነበረም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ ዝናቡ የሀረናን መንገድ ያበላሸዋል። መኪና አይወርድም። ብርቱካን ሲበስል ቶሎ ካልተቀጠፈ ከዛፍ ይረግፋል፤ መንገዱ ደርቆ መኪናው ሲመጣ ፍሬው መሬት ላይ በስብሶ ዝንብ ወሮት ይገኛል። ሮቤና ጊኒር ያለው ሰው ደግሞ ብርቱካኑን አጥብቆ የሚፈልገው በረመዳን ለማፍጠሪያ ነው። በእነዚያ ዓመታት ረመዳን የሚገባው ብርቱካኑ ከደረሰ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነበር።

አደ ዘይነባ፣ ወይዘሮ ዘይነባ እንደማለት ነው፣ የሚባሉ ባልቴት ወደ አርባ የሚጠጉ ዛፎች ነበሯቸው። ዛፎቹን የተከሏቸው ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ችግኙን ከሩቅ በአህያ ጭነው አምጥተው፣ የመስኖውን ቦይ በእጃቸው ቆፍረው። አደ ዘይነባ ረዥም፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ ያየናቸው ቀን ከዛፎቹ ሥር የረገፈውን በአካፋ እየሰበሰቡ ነበር።

«ዛፉን ‹ያዝልኝ› እለዋለሁ፤ አይሰማኝም» አሉን በኦሮምኛ።

ጋሽ ደምሴ አንድ ፍሬ ከነቅርንጫፉ ቆረጡ። ፍሬው ከቅርንጫፉ የሚያያዝበትን አንገት በጥፍራቸው አሳዩን። እኔ እያስተረጎምኩ እንዲህ አሉ፤

«እዚህ ጋ ስስ መጋጠሚያ አለ። ዛፉ ፍሬውን የሚይዝበት የራሱ ቅመም አለው። ፍሬው ሲያረጅ ቅመሙ ይቀንስና መጋጠሚያው ይላላል። እኛ ያንን ቅመም የሚመስል ነገር ከውጭ በጣም ጥቂት እንረጭለታለን። ያኔ መልቀቁን ያዘገያል።»

«ምንድን ነው የምትረጩት?» አሉ አደ ዘይነባ።

«ደገኞች ለስንዴ አረም የሚረጩት ነው። ሲበዛ ገዳይ ነው፤ ሲያንስ ይይዛል።»

አደ ዘይነባ ሦስት ዛፍ በጣታቸው አሳዩን። «በእነዚህ ሞክሩ። እነዚህ ከሞቱ ሌላው ይቀርልኛል።»

የበጠበጥነው እንዲህ ነው። ጋሽ ደምሴ ከመድኃኒት ቤት የገዙት ሲሪንጅ ነበራቸው። በሲሪንጁ አሥር ሚሊ ሊትር መድኃኒት ስበው አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይጨምራሉ። ይህን «እናት ውሃ» ይሉታል። ከእናት ውሃው ደግሞ ግማሽ የቡና ሲኒ ለአንድ የጀርባ መርጫ ሙሉ ውሃ። ሁለት ጊዜ የሚበርዙት፣ መድኃኒቱ በቀጥታ ለመርጫው ሲለካ በጣም ጥቂት ስለሚሆን፣ እጅ ትንሽ ከተሳሳተ እንደሚበዛ ስለሚፈሩ ነው። ለጋ ቅጠል ባወጣ ዛፍ ላይ አይረጩም፤ ለጋው ይጨማደዳል። ነፋስ ካለ አይረጩም፤ አጠገቡ ያለው ፓፓያ ይጎዳል። ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ይጀምሩና ፀሐዩ ሳይጠና ይጨርሳሉ።

በሦስቱ ዛፎች ላይ ቀይ ክር አሰርን። በየሳምንቱ ከእነሱና ካልተረጩት ሥር የወደቀውን እየቆጠርን እንጽፍ ነበር። ረመዳን ሲቃረብ የሌሎቹ ዛፎች ፍሬ አልቆ ቅጠል ብቻ ቀርቷል። ሦስቱ ግን ተንዠርግገው ቆሙ። አደ ዘይነባ የመጀመሪያውን ፍሬ ሲቀጥፉ ስበው አልመጣ ስላላቸው ጠምዝዘው ነው ያወረዱት። «ያዘልኝ» አሉ። ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ሲስቁ አየሁ።

በቀጣዩ ዓመት ሃያ ዛፍ ረጨን፣ ጎረቤቶችም ለመኑን። ወሬው ሮቤ ደረሰ። ኃላፊያችን እንግዶች ይዘው ለመስክ ቀን እንደሚመጡ ተነገረን፤ ገለጻ አድራጊው እኔ እንድሆን ታዘዝኩ። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ንጹሕ ነገር፣ የሚታይ ነገር ይወዳሉ። ከእንግዶቹ ቀድመው መጥተው ዕቃችንን ሲመለከቱ እናት ውሃው ያለበትን ጠርሙስ አነሱት። ጋሽ ደምሴ የለጠፉበት ፕላስተር ቆሽሿል፣ ጽሑፉም ወይቧል።

«ይኼን ነው ለእንግዳ የምታሳየው? ነስሩ፣ ሰው የሚያከብረው ዕቃ የለህም?»

ባዶ የፀረ አረም ጠርሙስ ነበረኝ፤ አዲስ፣ የፋብሪካው ወረቀት ያለበት፣ የስንዴ ዛላ ሥዕል ያለው። እናት ውሃውን ወደ እሱ ገለበጥኩት።

እንግዶቹ መጡ፣ ሰዉም ተሰበሰበ። አደ ዘይነባ ከፊት ቆመዋል። የባለቤታቸው ወንድም ሐጂ ከድርም አሉ፤ በመና የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ያን ቀን በደንብ ተናገርኩ። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «የሲናና ገበሬ የሚያውቀው ያው መድኃኒት ነው። ምሥጢሩ ልኩ ነው። ግማሽ ሲኒ ለአንድ መርጫ፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም» አልኩና ሰው ሁሉ እያየ ከጠርሙሱ ግማሽ ሲኒ ለክቼ መርጫው ውስጥ ጨመርኩ። ኃላፊዬ ደስ ብሏቸው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ሰው ሲበተን ጋሽ ደምሴ አጠገቤ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የተበረዘ መሆኑን አልነገርካቸውም» አሉኝ።

«በኋላ እነግራቸዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ ንገራቸው። ሳይሄዱ።»

«እሺ።»

ኃላፊዬ ለምሳ ጠሩኝ። አብሬ ተቀመጥኩ። ሲመሽ ሰው ወደየቤቱ ሄዷል። በማግስቱ ሌላ ሥራ ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ሮቤ ዕድገት ተሰጥቶሃል ተብዬ ተጠራሁ፤ ቢሮና ጠረጴዛ አገኘሁ። ጋሽ ደምሴም ስኳር በሽታቸው ጠንቶባቸው ጎባ ሆስፒታል ገቡ፣ ከዚያም ወደ ጎባ ቤታቸው። ያቺን ቃል ለአደ ዘይነባ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ረሳሁ ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አልረሳሁም። ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ሁለት ሦስት ጊዜ ትዝ ብሎኛል። መድኃኒቱን የምናዘጋጅላቸው እኛ ነን፣ ያለእኛ አይረጩም ብዬ አለፍኩት።

በዓመቱ ከመና የወጣ አንድ የጭነት መኪና ረዳት ቢሮዬ መጣ። «ሐጂ ከድር ልከውኝ ነው። የአደ ዘይነባ ብርቱካን ታሟል፤ ናና እይ ብለውሃል» አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ከመንገዱ ዳር ሆኜ ገና ከሩቅ ሳየው አወቅኩት። የዛፎቹ ቅጠል አንገቱን ደፍቷል። ቀረብ ስል ቅጠሉ እንደ ጽሑፍ ጥቅልል ተጠቅልሏል፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ተጠማዝዟል፣ ፍሬው ገርጥቶ ግማሹ ወድቋል። ሲናና ላይ አረም ሲጠማዘዝ አይቼ ደስ ይለኝ የነበረው መጠማዘዝ፣ ያው ራሱ፣ ሰው የተከለው ዛፍ ላይ።

አደ ዘይነባ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየመሩኝ ሄዱ። አላለቀሱም። ጎተራቸው አጠገብ ስንደርስ ጠርሙሱን አውጥተው ሰጡኝ። የስንዴ ዛላ ሥዕል ያለበት ነው። እኛ ስለቀረንባቸው ሰው ልከው ከሮቤ ያስገዙት።

«ሰውየውን ‹ሥዕሉን እይ፣ ያው ይሁን› ብዬው ነበር» አሉ። «መርጫውን ሦስት ጊዜ አጥቤአለሁ። ነፋስ አልነበረም። ጤዛው ደርቋል። ግማሽ ሲኒ አላልክም፣ ኢልመ ኮ?»

ኢልመ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። እናቴ ካለፈች ወዲህ እንዲያ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

«ብያለሁ» አልኩ።

«ታዲያ እጄ ምን አጠፋ?»

አደ ዘይነባ የረጩት ያልተበረዘውን መድኃኒት ነው። ከትክክለኛው መቶ እጥፍ ማለት ነው። መልሱን አውቀው ነበር። «ለቢሮ እናቀርበዋለን፣ እንመረምረዋለን» አልኩ። ፍሬውን እንዳይበሉት፣ እንዳይሸጡት፣ ቆፍረው እንዲቀብሩት ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ። የዓመት ልፋታቸውን ቅበሩ ሲባሉ የመለሱት ያችን ብቻ ነው።

ሮቤ ስመለስ ሪፖርቱ ቀድሞኝ ተዘጋጅቷል። «ጉዳቱ የደረሰው አርሶ አደሯ ያለ ባለሙያ ምክር ፀረ አረም በመጠቀማቸው ነው» ይላል። ኃላፊዬ እስክሪብቶ ሰጡኝ።

«ፈርም፣ ነስሩ። ውሸት አይደለም። ባለሙያ ሳይጠሩ ነው የረጩት።»

«እኔ ያሳየኋቸውን ነው ያደረጉት።»

«አንተ የሞት መድኃኒት ርጩ አላልካቸውም። ፈርምና ይዘጋ።»

ፈረምኩ።

ለሁለት ወር ያህል ቢሮ እየገባሁ ወጣሁ። ሰዓዳን ያገባኋት በዚያ ዓመት ነው፤ ምግብ ስትሰጠኝ እንደማልበላ፣ ስታናግረኝ እንደማልሰማ አይታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ምንም ሳትፈርድብኝ፣ «ጋሽ ደምሴ ያውቃሉ?» ብቻ አለችኝ። አያውቁም ነበር።

እሑድ ጎባ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠርሙሱን፣ ሲኒውን፣ ፊርማውን። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እኔም እዚያ ነበርኩ» አሉ። «ለአንተ በጆሮህ ከመንገር ለሰዉ ጮክ ብዬ መናገር እችል ነበር። ኃላፊው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ተውኩት። ድርሻዬን አትርሳብኝ።»

«ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ስለ ዛፎቹ ነው የምትጠይቀኝ ወይስ ስለ ሴትዮዋ?»

«ስለ ሁለቱም።»

«ዛፎቹን ቶሎ ብላችሁ አትቁረጡ። የሞተው ከየት እስከ የት እንደሆነ ዛፉ ራሱ ያሳያችኋል፤ ደርቆ እስኪለይ ጠብቁ። ከዚያ ከደረቀው ዝቅ ብላችሁ ሕያው እንጨት ላይ ቁረጡ። ቅጠሉ ስለረገፈ ፀሐይ ግንዱን ይልጠዋል፤ ኖራ ቀቡት። ሥሩን ገለባ አልብሱት፣ ውሃ ሳታበዙ አጠጡ።» ትንሽ አረፉ። «ለሴትዮዋ ደግሞ የምትነግራቸውን ታውቃለህ። አፍህን ከእኔ ልትበደር ነው የመጣኸው።»

በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጠርሙሱን የቀየርኩት እኔ መሆኔን፣ ልኩን ያለ ማብራሪያ ያስተማርኩት እኔ መሆኔን፣ የፈረምኩት ሪፖርት ትክክል አለመሆኑን ጻፍኩ። ኃላፊዬ አንብበው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ስሜን አላነሳህም» አሉኝ። «አላነሳሁም» አልኳቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከባለሙያነት ተነስቼ በሲናና አንድ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆንኩ። ዕድገቴም ለዓመታት ቆመ።

መና የሄድኩት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ነው። ሐጂ ከድርን አገኘኋቸውና ሰው ፊት መናገር እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ሐጂ ከድር ሪፖርቱን ከቀበሌ ሰምተዋል፤ ፊታቸው አልተፈታም። «ጁምዓ ከሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ና» አሉኝ።

ከሶላት በኋላ ወንዶቹ በዛፉ ጥላ ተቀመጡ፤ አደ ዘይነባና ጥቂት ሴቶች በግቢው አጥር በኩል። በመስክ ቀኑ የነበሩት ብዙዎቹ አሉ። ሲሪንጁን፣ ውሃ በጀሪካን፣ ሲኒውንና መርጫውን ይዤ ነበር። መድኃኒት አልያዝኩም፤ በእሱ ፋንታ በቀይ ሻይ አሳየኋቸው። ያልተበረዘውን ሻይ ግማሽ ሲኒ ለክቼ ውሃ ውስጥ ጨመርኩ፣ ውሃው ቀላ። ከዚያ ሻዩን ቀድሜ በርዤ ግማሽ ሲኒ በሌላ ውሃ ጨመርኩ፣ ውሃው እንደነበረ ጥርት ብሎ ቀረ።

«በመስክ ቀኑ በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ይኼ ነበር» አልኩ የተበረዘውን እያሳየሁ። «አደ ዘይነባ የረጩት ያንን ያልተበረዘውን ነው። የተበረዘ መሆኑን አልነገርኳችሁም። ጠርሙሱንም እንዲያምር ብዬ የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

ሐጂ ከድር በትራቸው ላይ ተደግፈው፣ «ወረቀቱ ጥፋቱ የእሷ ነው ይላል» አሉ። «ማን ፈረመው?»

«እኔ።»

«አውቀህ?»

«አውቄ።»

ከሰዉ መሃል ማጉረምረም ተነሳ። አንድ ሰው ፍርድ ቤት ይሂድ አለ። ሐጂ ከድር እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና ወደ አጥሩ ተመለከቱ። «ዘይነባ፣ ባለጉዳይዋ አንቺ ነሽ።»

አደ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ሦስት ወር ሙሉ» አሉ፣ «የባሌን ዛፎች በእጄ ገደልኩ እያልኩ ነው የኖርኩት። ከሶላቴ በኋላ አላህን ይቅርታ እለምናለሁ። እሱንም፣ ሟቹንም፣ ‹ሲኒው በዝቶብኝ ይሆናል፣ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል› እለው ነበር። አንተ ግን መልሱን ያን ቀን ጎተራዬ አጠገብ ታውቀው ነበር።»

«አውቀው ነበር።»

«ያኔ ብትነግረኝ ዛፉ አይድንም ነበር። እኔ ግን እተኛ ነበር።»

አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ፍርድ ቤት አልፈልግም አሉ፤ ይቅር ብያለሁም አላሉም። «ዛፎቹን ማን ይቆርጣል?» ብቻ ብለው ጠየቁ።

እኔ ቆረጥኩ። በዚያ ዓመትና በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ፈቃዴን ሁሉ መና አሳለፍኩ። ጋሽ ደምሴ እንዳሉት ደርቆ እስኪለይ ጠበቅን። ከተረጩት ዘጠኙ እስከ ሥራቸው ደረቁ፣ ነቀልናቸው። የቀሩትን እስከ ሕያው እንጨት ድረስ ቆርጠን ግንዳቸውን ኖራ ቀባን። አደ ዘይነባ ምግብ ያቀርቡልኛል፤ ሥራ እንጂ ሌላ አናወራም። ጋሽ ደምሴ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ዛፎቹ እንዳቆጠቆጡ ከመሞታቸው በፊት ነግሬአቸዋለሁ፤ ከየትኛው ቁመት ላይ እንዳቆጠቆጡ ጠይቀው በእጄ አሳይቻቸዋለሁ።

ዛፎቹ እንደገና ያፈሩ ዓመት ሲናና ማሳ ላይ ሳለሁ ወደ ቢሮ እንድመጣ ተጠራሁ። ስደርስ አደ ዘይነባ የኃላፊው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። በሕይወታቸው ሳነቴን ሲሻገሩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ በነጠላ ላይ ብርድ ልብስ ደርበዋል። ኃላፊው፣ ያው የድሮው ሰው፣ ሌላ የሠለጠነ ባለሙያ እንዳለና እሱን እንደሚልኩላቸው እየነገሯቸው ነበር።

«ነስሩን ነው የምፈልገው» አሉ። «እሱ ምን ያህል እንደሚገድል ያውቃል።»

መና ስንደርስ አምስት ዛፍ ብቻ አሳዩኝ። «የቀረው በጊዜው ይርገፍ» አሉ። እናት ውሃውን እሳቸው እያዩ በጠበጥኩ። ሲሪንጁን ስስብ ልኩን እየተጠራጠርኩ ሁለት ጊዜ መልሼ አፈሰስኩት። መርጫውን አንግቤ ስነሳ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ነገርኳቸው። እምቢ ብለው ከመጀመሪያው ዛፍ አጠገብ ቆሙ።

«ጀምር» አሉ።

አምስቱን ረጭቼ ጨረስኩ። በዚያው ቀን የሚመለስ መኪና ነበረ፤ አልተሳፈርኩም። ሐጂ ከድር ቤት አርፌ በየጠዋቱ እየሄድኩ ቅጠሉን እየገለበጥኩ አይ ነበር። አደ ዘይነባም በሌላው ረድፍ ያያሉ። በሁለተኛው ቀን ምንም አልነበረም። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። በአምስተኛው ጠዋት ስመጣ ቀድመውኝ ዞረው ጨርሰዋል። አንድ ቅጠል ቀጥፈው በመዳፋቸው ዘርግተው አሳዩኝ፤ ዝርግ ነበር፣ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም።

«ነገ ጠዋት መኪና አለ» አሉኝ። «ሂድ፣ ኢልመ ኮ። ልጆችህ ይጠብቁሃል።»